«ተጣርቷል» የምትለው ሰሌዳ

ሟቹ የተገኘው ከሰል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ከሰሉ የምድጃ ከሰል አይደለም፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣውን ውሃ እንዲያጣራ ፎቅ ቤት በሚያህል የብረት ጋን ውስጥ የተሞላ፣ እንደ አሸዋ የደቀቀ እርጥብ ከሰል ነው። ሰውየው ላይ ቁስል የለም፣ ደም የለም፣ የታነቀበት ምልክት የለም። ውሃው ከጋኑ አስቀድሞ ስለተለቀቀ ሰጠመ ለማለት እንኳ አይመችም። ላየው ሰው ደክሞት ጋደም ያለ ይመስል ነበር።

ይህን ሰው ከተማው በስሙ አያውቀውም፤ «አቶ ይቆይ» ነበር የሚለው። የመጠጥ ውሃ ተቆጣጣሪ ነበር። አዲሱ የማጣሪያ ጣቢያ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ፣ ፈቃዱ ላይ ፈርም በተባለ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ ይቆይ። ሕዝቡ ጀሪካኑን ደርድሮ ሲያማርር፣ ይቆይ። አለቆቹ ጠረጴዛ ሲደበድቡ፣ ይቆይ። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩበት ሰፈር ድሮ የነዳጅ ማከማቻ ነበረና ናፍጣው ወደ መሬት ሰርጎ ከውሃው ጋር ተቀላቅሏል፤ ከሰሉ የተሞላውም ያንን ናፍጣ እንዲይዝ ነው። አቶ ይቆይ ከሰሉ በእርግጥ መያዙን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም እንዳለ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሳይቆይ የቀረው እሱ ራሱ ሆነ።

ጉዳዩ የተሰጣት ኢንስፔክተር ደግሞ በባልደረቦቿ ዘንድ «እትዬ ለምን» ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። በማግስቱ ጠዋት የጣቢያውን በር ስታልፍ ቆሽቷ እርር ብሎ ነበር። የቤቷን ቧንቧ ብትከፍተው ፉጨት እንጂ ውሃ አልሰጣትም፤ ፊቷን የታጠበችው በአንድ ኩባያ ነው። ንዴቷ ሳይበርድላት አዛዡ ደረሰባት።

«ይሄ አደጋ ነው» አላት ጋኑ ሥር ቆሞ። «እርጥብ ከሰል ክዳኑ ተዘግቶ ከቆየ አየሩን ይውጠዋል አሉ። የሚገባ ሰው ሳይታወቀው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ አንድ ሰው ጋኑ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌው ኦፕሬተር መጠበቅ ሲገባው ጥሎ ሄደ። አለቀ። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ለምን ጥሎ ሄደ?»

«ጀመረሽ ደግሞ!»

«ሟቹስ ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ገባ?»

«እስከ ከሰዓት ነው ያልኩሽ» አለና አዛዡ ሄደ። ሽማግሌውን ከወህኒ የለየችው ያቺ ግማሽ ቀን ብቻ ነበረች።

እትዬ ለምን በብረት መሰላሉ ወደ ጋኑ አናት ወጣች። አፉ አንድ ሰው እንደ ምንም የሚያሳልፍ ክብ ነው፤ ከባዱ ክዳን በማጠፊያው ወደ ኋላ ተከፍቷል። አጠገቡ አየር የሚነፋው ማራገቢያ ከነሰፊ ጎማው ተቀምጧል። ታች ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጎማዎች ሁሉ ክብ ሆነው ተጠቅልለዋል። ይሄኛው ግን አንድ ዙር ወደ ግራ፣ አንድ ዙር ወደ ቀኝ እየተደረገ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ ነው የተጠቀለለው። «ለምን?» አለች ለራሷ። መልስ የሚሰጣት ስላልነበረ ወረደች።

ሽማግሌው ኦፕሬተር ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በአንድ ፖሊስ ይጠበቃል። ዕድሜውን በሙሉ በየሰፈሩ የሕዝብ ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ስለኖረ «ጋሽ ቦኖ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ ለምን ጥለውት ሄዱ?»

«ጥዬው አልሄድኩም፣ ልጄ! ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ማራገቢያውን አስነሳሁ። እሱና የእህቱ ልጅ፣ ኬሚስቷ፣ የአየር መለኪያውን በገመድ እስከ ታች አወረዱት። አየር ሲያንስ ይጮሃል፤ አልጮኸም። ሊገባ ሲል ሥራ አስኪያጁ መጣና 'ስለ ፈቃዱ እንነጋገር' ብሎ ቢሮ ወሰደው። እኔንም 'አንተ ፓምፕ ሁለት ጋ ሂድ' አለኝ። ከሰዓት ስመለስ ክዳኑ ክፍት ነው፤ ጎንበስ ብዬ ባይ እታች ተደፍቷል። ፓምፕ ሁለት ቅርብ ስለሆነ ቢጣራ እሰማው ነበር እኮ። አልተጣራም።»

«ማራገቢያው ይሠራ ነበር?»

«ጠፍቷል። ጎማውም ወጥቶ ተጠቅልሏል። የጠቀለልኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

ጋሽ ቦኖ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ሰረቅ አድርጎ አየና ከቦት ጫማው ውስጥ መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ሰሌዳ አወጣ። አረንጓዴ ቀለም ላይ በነጭ «ተጣርቷል» ተብሎ ተጽፎባታል።

«ይቺን መውጫው ቧንቧ ላይ ነው የምሰቅላት፤ ላቦራቶሪው ሲፈቅድልኝ። ውሃው ተጣርቷል፣ ክፈት ማለት ነው። ትናንት ግን የጋኑ ክዳን እጀታ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። በኔ ኃላፊነት ያለች ዕቃ ናት። አለቀልኝ አልኩና ማንም ሳይደርስ ደበቅኳት። ለሰው አልተነፈስኩም።»

«አሁንም እንዳይተነፍሱ።»

«የሚገርምሽ፣ ሟቹ በዚች ቃል የተነሳ ከሁላችን ጋር ተጣልቷል። ለውሃውም ተጣራ፣ ለአየሩም ተጣራ ስንል ይቆጣ ነበር። 'አንድ ቃል ለሁለት ነገር አንድ ቀን ሰው ይገድላል! ውሃ ይጣራል፤ አየር ይፈተሻል' ይለናል። ትናንት ጠዋት እንኳ እዚያው ጋኑ ላይ አርሞኛል።»

ሥራ አስኪያጁ «አቶ ኩልል» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ስለ ውሃው በተጠየቀ ቁጥር «ኩልል ያለ ነው» ስለሚል። መኪናው ቢሮው በር ላይ ቆማ ታብረቀርቃለች።

«ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል ይባላል።»

«ከሱ ጋር ያልተጨቃጨቀ ማን አለ? ውሃው ኩልል ያለ ነው ስለው፣ የከሰሉን ሥር ካላየሁ ይላል። እስከ ምሳ ለመንኩት። ተነስቶ ወጣ።»

«ለምን ሥሩን?»

«ውሃው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያልፈው። ናፍጣውን መጀመሪያ የሚይዘው የላዩ ከሰል ነው። የሥሩም ከጠገበ ግን ጋኑ በሙሉ ጠግቧል፤ ከዚያ በኋላ ናፍጣው ዝም ብሎ ያልፋል። ግን ይሄ የሚያሳስብ አልነበረም። የኬሚስቷ ውጤት ሁሌም ንጹሕ ነው።»

«ኦፕሬተሩን ፓምፕ ሁለት ጋ ለምን ላኩት?»

«እኔ ማንንም የትም አልላክሁም።»

«መኪናዎ ንጹሕ ናት።»

«ምን አሉኝ?»

«ከተማው ፊቱን በኩባያ ይታጠባል፤ የእርስዎ መኪና ገላዋን ትታጠባለች። ሰፈርዎ የት ነው?»

አቶ ኩልል የመስኮቱን መጋረጃ ስቦ መኪናዋን ጋረዳት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ኬሚስቷ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም አጎቷ አቶ ይቆይ ነበር። እትዬ ለምን የሚጠጣ ነገር ልትሰጣት ወደ ብርጭቆዎቹ ዞር አለች፤ ከብርጭቆዎቹ በላይ ቀጫጭን ጎማዎች፣ ሁሉም በስምንት ቁጥር ተጠቅልለው፣ በየመንጠቆው ተሰቅለዋል።

«እንዲህ የሚጠቀለሉት ለምንድን ነው?»

«እንዳይጣመሙ ነው፣ እትዬ። ትምህርት ቤት ያስለመዱን ነው፤ አሁን እጄ ራሱ ነው የሚያደርገው።»

«ትናንት ጋኑ ጋ መቼ ነበርሽ?»

«ጠዋት አየሩን ስንለካ ብቻ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ አልደረስኩም። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ አውጥተው መሬት ላይ አስተኝተውት ነበር።» ዓይኗን ጠረገች። «ጋኑ ላይ ሌላ ያገኛችሁት ነገር የለም?»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እንዲያው… ለምን እንደገባ የሚያስረዳ።»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም» አለቻት። ልጅቷ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

እትዬ ለምን ስልክ አነሳች። ያን ከሰል የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ፣ ናሙናውን መርምሮ የሚሰጣት ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች።

«የከርሰ ምድር ውሃ ነው?» አላት የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት። «እኛ የምናየው መሬት ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከወጣ የኛ አይደለም።»

«እኛን የሚመለከተን ቧንቧ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው» አለ ሁለተኛው።

«ታዲያ ከመሬት ወጥቶ ቧንቧ እስኪገባ የማን ነው?»

«ስለሱ የሚወጣው መመሪያ ገና ረቂቅ ነው።»

«ረቂቁን ማን ይዞታል?»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለባበጥ ተሰማ። «አንድ ተቆጣጣሪ ነበሩ… እሳቸው እንኳ ትናንት አርፈዋል።»

ስልኩን ዘግታ ግንባሯን በእጇ ደገፈች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚባለው ለካ ለሷ ነው። ሰው ሞቶ፣ ሰው ታስሮ፣ ከተማ ተጠምቶ፣ አንድም ሰው «የኔ ነው» አይልም! መጮህ አማራት። ሽማግሌው ሰሌዳዋን ከቦት ጫማው ሲያወጣ ፖሊሱን እንዴት ሰረቅ አድርጎ እንዳየው ትዝ ሲላት ግን ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ተነሳች።

የአቶ ኩልል ሰፈር ስትደርስ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች።

«ውሃ አላችሁ እንዴ?»

«ሰሞኑን ከፓምፕ ሁለት ቀስ አድርገው ይለቁልናል። ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ነው» አለች ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን ምን ያደርጋል? እስቲ አሽቺው። ሻዩም ልብሱም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ልጆቼ አንጠጣም ብለውኛል።»

እትዬ ለምን የረጠበውን ሸሚዝ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለዚህ ማንም መሥሪያ ቤት አላስፈለጋትም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋኑ ሥር ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በእግሩ መሬቱን ይጠበጥባል። አቶ ኩልል ላቡን ይጠርጋል። ጋሽ ቦኖ ከፖሊሱ ጎን ቆሟል፤ ኬሚስቷ ጥቁር ሻርፗን ተከናንባለች። እትዬ ለምን አረንጓዴዋን ሰሌዳ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይቺን የት እንዳገኘኋት አልነግራችሁም። በየተራ አንብቡልኝና ምን ማለት እንደሆነች ንገሩኝ።»

«ተጣርቷል» አለ አቶ ኩልል። «ውሃው ኩልል ብሏል ማለት ነዋ!»

«ቧንቧውን ክፈት ማለት ነው» አለ ጋሽ ቦኖ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ለእኔ እንኳ ፋይሉ አልቋል ማለት ነው» አለ አዛዡ። «ማጣራት ምርመራ አይደል? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?»

«አንቺስ?»

ኬሚስቷ ሰሌዳዋን ስታይ ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች። «አየሩ ተፈትሿል፣ መግባት ይቻላል ማለት ነው። ምስኪን አጎቴ! እሷን አይቶ ነዋ የገባው። ሁሌ የሚፈራው ይሄንን ነበር፤ አንድ ቃል ለሁለት ነገር።»

«እሷን የት አይቶ?»

ልጅቷ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ይቺ ሰሌዳ ለማንም ሰው የውሃ ሰሌዳ ናት» አለች እትዬ ለምን። «ስለ አየር የምታወራው ጋኑ አፍ ላይ ተሰቅላ ላያት ሰው ብቻ ነው። እዚያ መሰቀሏን የምናውቀው ጋሽ ቦኖና እኔ ነን። እሳቸው ማንም ሳይደርስ ደብቀዋታል። አንቺ ደግሞ ከጠዋት ወዲህ አጠገቡ አልደረስኩም ብለሽኛል። ሌላ ያገኛችሁት ነገር የለም እያልሽ የጠየቅሽኝ ይቺኑ ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አዛዡ። «ሰሌዳዋን ማንም ይስቀላት። ሰውየው ተሳስቶ አንብቦ ገባ፤ ሞተ። ያው አደጋ ነው።»

«ለምን ይሳሳታል? በዚች ቃል ምክንያት ከሰው ሁሉ የተጣላ ሰው፣ በዚችው ቃል ይታለላል? እሱ ሰሌዳ አይቶ አይገባም፤ ሰው ጠይቆ ነው የሚገባው። ደግሞ የሚያምነውን ሰው። ሰሌዳዋ የተሰቀለችው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ለእኛ እንድትታይ።»

«ጠዋት ግን አየሩ ደህና ነበር!» አለ አቶ ኩልል። «መለኪያው አልጮኸም ተብሏል።»

«ጠዋት ደህና ነበር። እርስዎ ሟቹን ቢሮ ይዘው እስከ ምሳ ሲለምኑ፣ ጋሽ ቦኖ ደግሞ ፓምፕ ሁለት ጋ በላኩበት፣ ጋኑ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰው ማራገቢያውን አጠፋ፤ ጎማውን አውጥቶ ክዳኑን ገጠመው። እርጥቡ ከሰል ደግሞ አየሩን ሲውጥ አረፈደ። ሟቹ ሲመለስ ክዳኑ ቀድሞ ተከፍቶ ጠበቀው። ጎማውን ሂዱና እዩት። ኦፕሬተሮቹ የሚጠቀልሉት ክብ አድርገው ነው፤ ያ በስምንት ቁጥር ነው የተጠቀለለው። የላቦራቶሪው ጎማ ሁሉ እንደዚያው ነው። እጅ የለመደውን አይተውም።»

«እኔ ማንንም አልላክ…»

«እርስዎ ይተዉት! ፓምፕ ሁለት ያለ ፈቃድ ሰፈርዎን ያጠጣል። ለዚህ ለብቻው ይጠየቁበታል። ግን ሳያውቁት ረድተውኛል፤ ያጠጡት ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በዚህ ጋን በኩል ያለፈ ውሃ ነው። ከሰሉ ከጠገበ ቆይቷል። እና የኬሚስቷ ውጤት ለምን ሁሌ ንጹሕ ሆነ?»

አሁን ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ሻርፗ ከራሷ ላይ ወርዷል።

«መለኪያ ማሽን ሰጥተውኝ ያውቃሉ?» አለች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየጮኸች። «ናፍጣ የሚለካው ማሽን ከመጣ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም! አንዱ የኛ አይደለም ይለኛል፤ አንዱ መመሪያው ይውጣ ይለኛል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ውጤት አምጪ ይለኛል። እጅ እጅ ሲለኝ አንድ ቀን ቁጥር ጻፍኩ። እሱ አመነኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመለስ? ያ ቁጥር ሌላ ቁጥር ወለደ።»

«ስለዚህ የከሰሉን ሥር እንዳያወጣ ፈለግሽ።»

«መሥሪያ ቤቱ ቁጥሮቼን ተጠራጠረ። እሱ ግን… 'የልጄን ቁጥር ማንም አያጣጥለውም፤ ሥሩን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ' አለ።» ድምጿ ተሰበረ። «እኔን ነጻ ሊያወጣ ነበር የገባው። ሲያወጣው ደግሞ የሚያየው ውሸቴን ነው። እስር ቤቱ አይደለም የፈራሁት። ዓይኑን ነው።»

አዛዡ ፋይሉን ከብብቱ አወጣ፤ መልሶ ሸጎጠው።

«ጋኑ አፍ ላይ ሲደርስ ምን አለሽ?» አለች እትዬ ለምን። ይህን የጠየቀችው ለፋይሉ አልነበረም።

«'ተፈተሸ?' አለኝ።»

«አንቺስ?»

«'ተፈትሿል' አልኩት። ቃሉን አላሳሳትኩም።»

ለከተማው ሁሉ «ይቆይ» ሲል የኖረ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይል ቀረ። ጋሽ ቦኖ ፊቱን ወደ ጋኑ አዙሮ አለቀሰ። ነጻ መውጣቱ ትዝ ያለውም አይመስልም ነበር።

ልጅቷን ሲወስዷት እትዬ ለምን ከጋኑ ሥር የፈሰሰ የከሰል ፍርፋሪ አንስታ፣ ሰሌዳዋን ገልብጣ በጀርባዋ ጻፈችባት፦ «አልተጣራም»። ለሽማግሌው ሰጠችው።

«ጋሼ፣ መውጫውን ዘግተው ይቺን ይስቀሉልኝ። የፓምፕ ሁለትንም ይዝጉ።»

«በማን ሥልጣን ነው የምታዘጊው?» አለ አዛዡ። «የውሃው ጉዳይ እኮ የኛ አይደለም።»

«የማንም አይደለም፤ ጠይቄያለሁ» አለች እትዬ ለምን። «ረቂቁ የሟቹ ነው። በሱ ሥልጣን።»

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ባዶ ጀሪካኖቿን ደርድራ በር ላይ ጠበቀቻት። ሁለቱ ልጆቿ ጀሪካኖቹ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንቺ ከዚያ ነው የመጣሽው አሉ። ያ ክፉ ሰው ሞቷል፤ አሁን እንኳ ይለቁልናል አይደል?»

እትዬ ለምን ልጆቹን አየቻቸው። የራሷ ቧንቧም ከውስጥ ሲያፏጭ ይሰማታል። ክፉ ሰው አልነበረም ልትል ፈለገች፤ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ልጅቷም ልትነግራት ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ይቆይ» አለቻት።

ጎረቤቷ ከእግር እስከ ራሷ ገላመጠቻትና፣ ልጆቿን አስነስታ ባዶ ጀሪካኖቿን ሰብስባ ሄደች።